ድንኩ ድምፅ፦ በአቶም እምብርት ውስጥ ያልተቋጨው ክርክር

እናቴ ምጣድ ስትገዛ ዓይኗን አታምንም። በአንድ እጇ ጠርዙን ይዛ ከፍ ታደርገውና በሌላኛው እጇ የጣት አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጆሮዋን ታስጠጋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ግን የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም። አንዴ ብቻ አንኳኩታም ገንዘብ አታወጣም። መሃሉን፣ ጠርዙን፣ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን። አንዷ ሻጭ ትዕግስቷ አልቆ "እንዴ እትዬ፣ ምጣድ ነው የሚገዙት ወይስ ከበሮ?" ያለቻትን አልረሳውም።

የኒውክለር ፊዚክስ ተመራማሪዎች ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኒውክለስን፣ የአቶምን እምብርት ማለቴ ነው፣ ከፍተው ውስጡን አያዩትም። በጨረር ያንኳኩታል፤ የሚመልሰውን ያዳምጣሉ። ትልቁ ድምፁ ከታወቀ ቆይቷል። ከሱ በታች፣ ዝቅ ባለ ኢነርጂ ላይ የሚሰማ አንድ ትንሽ ድምፅ ግን አለ። ከ60 ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል፤ ዛሬም ያጨቃጭቃል። ጭቅጭቁ ደግሞ ከኒውትሮን ኮከብ ውፍረት እስከ ወርቅ አፈጣጠር ድረስ ጫፉ ስለሚደርስ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በትልቁ እንጀምር። ኒውክለስ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን አሉ። ፕሮቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ኒውትሮን ምንም የለውም። ጋማ ጨረር ሲመጣ የኤሌክትሪክ መስኩ ፕሮቶኖቹን ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ኒውትሮኖቹ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ተቃራኒው ይሄዳሉ። ከዚያ ይመለሳሉ፣ ይተላለፋሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። አንዱ ጫፍ ላይ ቻርጅ በዝቶ ሌላኛው ላይ ስለሚጎድል ዳይፖል ይባላል፤ ሁለት ጫፍ እንደማለት። ይህን ውዝዋዜ በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ባልድዊንና ክላይበር በጄኔራል ኤሌክትሪክ ማፍጠኛ አዩት። በዓመቱ ጎልድሃበርና ቴለር አብራሩት። ቴለር በኋላ የሃይድሮጂን ቦምብ አባት የተባለው ራሱ ነው። ግዙፉ የዳይፖል ሬዞናንስ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሬዞናንስ ማለት ልኩ በሆነ ምት ሲነካ ጎልቶ መወዛወዝ ነው።

እርሳስ 208ን ብንወስድ (ቁጥሩ የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው) ግዙፉ ድምፅ 13.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይሰማል። የኢነርጂ መለኪያ ነው፤ ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ ሜኤቮ እላለሁ። በሰከንድ 3 ቢሊዮን ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ መወዛወዝ ነው። (እርሳስ ስል ብረቱን፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ግራፋይት ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ገላግሎናል።)

አሁን ወደ ነገረኛው። በ1961 ባርቶሎሚው የተባለ ተመራማሪ ኒውትሮን የዋጡ ኒውክለሶች የሚለቁትን ጋማ ጨረር ሲመረምር ከ5 እስከ 7 ሜኤቮ ባለው ክልል ከሚጠበቀው በላይ ጨረር አገኘ። ከግዙፉ ተራራ እግር ስር የበቀለች ጉብታ ብትሏት ይቀላል። በ1969 "ፒግሚ ሬዞናንስ" የሚል ስም ወጣላት። ድንክ ለማለት ነው። የሰው ሕዝብ መጠሪያን ለማሳነሻ መጠቀም ለእኔ ደስ አይልም፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀርቷል፣ ጽሑፉ ሁሉ በሱ ነው።

ስሙ የነገሩን ምንነት አይናገርም። ያንን ሊሞላ የመጣው በ1971 ሞሃን፣ ዳኖስና ቢደንሃርን ያቀረቡት ሥዕል ነው። እርሳስ 208 ውስጥ 82 ፕሮቶንና 126 ኒውትሮን አለ። 44 ኒውትሮን ትርፍ ነው። ኒውክለሱን እንደ ሦስት ፈሳሽ አስቡት አሉ፦ ፕሮቶኖቹ፣ የፕሮቶኖቹን ያህል ቦታ የሚጋሩት ኒውትሮኖች፣ እና ትርፎቹ። ትርፎቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ቀጭን ልጣጭ ይሠራሉ። በሙያው የኒውትሮን ቆዳ ይሉታል። ትንሹ ድምፅ እንግዲህ ይህ ልጣጭ ከውስጠኛው ፍሬ ጋር ፊትና ኋላ ሲወዛወዝ የሚመጣ ነው ተባለ።

ለመሳል ይመቻል። ለተማሪ በአንድ ደቂቃ ይነገራል። ለዚህም ይመስለኛል በየመግቢያው ጽሑፍ እንደ ሃቅ ተደርጎ የሚቀመጠው። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ባለፉት 20 ዓመታት የተሰበሰበውን ልኬት ስናይ አንድ ድምፅ የተባለው አንድ አይደለም፤ የሚሰማው ነገር በማን እጅ እንደተመታ ይለያያል።

እስቲ ልኬቱን ቀረብ ብለን እንየው። ጀርመን ዳርምሽታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤስ ዳሊናክ የሚባል የኤሌክትሮን ማፍጠኛ አለ። ኤሌክትሮኖቹ ጥቅጥቅ ያለ ብረት ላይ ይላተማሉ፤ ድንገት ሲገቱ ጋማ ጨረር ይለቃሉ። ጨረሩ ተጣርቶ የሚፈተነው ናሙና ላይ ያርፋል። ናሙናው ውስጥ ያለ ኒውክለስ ልኩ የሆነውን ኢነርጂ ብቻ ይውጥና መልሶ ይተፋዋል። ጎን ላይ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ የጀርማኒየም መቁጠሪያ ቆሞ የተተፋውን ይለቅማል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚወጣው ታዲያ የተጠጋጋ ጉብታ አይደለም። የሚዶ ጥርስ ነው። ቀጫጭን መስመሮች፣ አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ ከጀርባ ድምፁ የማይለይ። እርሳስ 208 ላይ 5.512 ሜኤቮ ላይ አንዱ ብቻውን ተገትሮ ይታያል። ሴሪየም 140 ላይ ከ4 እስከ 8 ሜኤቮ ባለው ክልል በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የኒውክለሱ አንድ ሁኔታ ነው። አንድ የተባበረ ውዝዋዜ ቢሆን ኖሮ ለምን እንዲህ ተበታተነ? መልስ አለ፤ አንድ ውዝዋዜ ከሌሎች ሁኔታዎች ጋር ተቀላቅሎ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ጥያቄው ግን ተጠይቋል።

ሌላም ጣጣ አለ። በዚህ መንገድ የሚሰማው ድምፅ ኒውትሮን ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኢነርጂ በታች ያለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለእርሳስ 208 ይህ ወሰን 7.37 ሜኤቮ ነው። ከዚያ በላይ ኒውክለሱ ጋማ ከመመለስ ይልቅ ኒውትሮን ይተፋል፤ የጀርማኒየሙ መቁጠሪያም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ "ፒግሚ እዚህ ላይ ያበቃል" ሲባል ድንበሩን ያሰመረው ተፈጥሮ ይሁን መሣሪያው ግልጽ አልነበረም። ኒኬል 68 ጥሩ ማሳያ ነው። እዚያው ዳርምሽታት ባለው ጂኤስአይ የምርምር ማዕከል በ2009 አንድ ቡድን የሚመለሰውን ጋማ ለክቶ ጉብታው 11 ሜኤቮ አካባቢ ነው አለ። በ2013 እዚያው ጂኤስአይ የሚወጡትን ኒውትሮኖች የለቀመ ሌላ ቡድን 9.55 ነው አለ። አንድ ኒውክለስ፣ አንድ ግቢ፣ ሁለት አሰማም።

ዋናው ድንጋጤ ግን በ2006 ከኔዘርላንድ፣ ከግሮኒንገን መጣ። ሳቭራንና ባልደረቦቹ ሴሪየም 140ን በጋማ ሳይሆን በአልፋ ቅንጣት አንኳኩት። አልፋ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ነው፤ ለሁለቱ አያዳላም፣ ደግሞም ጠልቆ አይገባም፤ የኒውክለሱን ገጽ ዳሶ ነው የሚያልፈው። ጋማ የሚያወራው ከቻርጅ ጋር ነው። እንግዲህ ፒግሚ አንድ ነገር ከሆነ በጋማ የተሰማው መስመር ሁሉ በአልፋም መጠኑ ቢለያይ እንኳ መሰማት ነበረበት። አልተሰማም። ከ6 ሜኤቮ በታች ያሉት ለሁለቱም መለሱ። ከዚያ በላይ ያሉት ለጋማ ብቻ መልሰው ለአልፋ ዝም አሉ።

ከበሮ የመታ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ፊት ይጎረናል፤ ጠባቡ ይቀጥናል። የውጭ ሰው ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ ቢሰማ ሁለት ከበሮ ነው ብሎ ሊምል ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ሁለት የተለያየ ነገር እየሰማ አንድ ነው ሊል ይችላል። ፒግሚ ላይ የተፈጠረው ሁለተኛው ይመስለኛል። የታችኛው ክፍል እውነትም የልጣጩ ምልክት አለበት፤ ገጹ ላይ ኒውትሮን ይበዛል። የላይኛው ክፍል ግን የግዙፉ ተራራ የተዘረጋ እግር ይመስላል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የስም አወጣጥ ስንፍና ነው።

የልጣጩ ሥዕል ላይ ሌላም ጥያቄ ተነስቷል። በ2020 የታተመ ሥራ ሙኒክ አጠገብ ጋርሺንግ በነበረው መሣሪያ እርሳስ 207 ላይ አንድ ኒውትሮን እየጨመረ እርሳስ 208ን ከላይ ወደ ታች ፈተሸ። በዚህ መንገድ በደንብ የሚሠራ ሁኔታ ማለት አንድ ኒውትሮን ብቻ ቦታውን የቀየረበት፣ የግለሰብ ሥራ ነው። የሕብረት ውዝዋዜ ከሆነ ግን ብዙ ኒውትሮኖች በትንሽ በትንሹ ማዋጣት አለባቸው፤ እቁብ ይመስል። የፒግሚ ክልል ውስጥ የግለሰብ ጠባይ ያላቸው ሁኔታዎች በግልጽ ታይተዋል። በ2024 ደግሞ ከዳርምሽታት የኤሌክትሮን ልኬት ተነስቶ ኒኬል 58 ውስጥ ያሉ ዝቅተኛ የዳይፖል ሁኔታዎች ልጣጭም ተራራም ሳይሆኑ እንደ ጢስ ቀለበት ወደ ውስጥ የሚሽከረከሩ ናቸው የሚል ማስረጃ ቀረበ። ኒኬል 58 ትርፍ ኒውትሮኑ ሁለት ብቻ ነው። ልጣጭ የሚባል ነገር በወጉ በሌለበት ቤት ውስጥ ዝቅተኛ ድምፅ መሰማቱ ሊያሳስበን ይገባል።

"ታዲያ ምን አገባን?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ሁለት ቦታ ይገባናል።

አንዱ ወርቅ ነው። የሻኪሶም ሆነ የአሶሳ ወርቅ መሬት ውስጥ አልተፈጠረም፤ መሬት ውስጥ ተገኘ እንጂ። አብዛኛው ወርቅ የተሠራው ኒውክለሶች ኒውትሮን በኒውትሮን ላይ በጥድፊያ በሚውጡበት ሁኔታ ነው። በነሐሴ 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በስበት ሞገድ የተሰማው የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ይህ ጥድፊያ የሚካሄድበትን አንድ ቦታ አሳይቷል። ኒውክለስ ኒውትሮን ሲውጥ ይሞቃል። ሙቀቱን በጋማ ካስተነፈሰ ኒውትሮኑ ይቀርለታል። ካልቻለ መልሶ ይተፋዋል። ዝቅተኛው የዳይፖል ድምፅ ያለው ልክ በዚህ የመዋጥና የመትፋት ወሰን ላይ ነው፤ ስለዚህ ማስተንፈሻውን ያሰፋል። ጎሪሊ የተባለ ተመራማሪ በ1998 ይህን በስሌት አሳይቷል፤ ትርፍ ኒውትሮን እጅግ በበዛባቸው ኒውክለሶች የመዋጥ ፍጥነቱ በብዙ ይጨምራል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ሙቀቱ በጣም በበረታበት ሰዓት ጋማው ኒውትሮኑን መልሶ ስለሚያወጣው መዋጥና መትፋት እኩል ይሆናሉ። እኩል ሲሆኑ ውጤቱ ለእያንዳንዱ ፍጥነት ደንታ የለውም። የፒግሚ ድርሻ የሚታየው ነገሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሚዛኑ ሲላቀቅ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ብዙ ባልሞቀ አካባቢ ነው። "ፒግሚ ባይኖር ወርቅ አይኖርም" አይነት ርዕስ ካያችሁ በዚህ ልክ ቀንሱለት።

ሁለተኛው የኒውትሮን ኮከብ ነው፤ እኔን የሚይዘኝም እሱ ነው። እርሳስ ውስጥ ትርፍ ኒውትሮኖችን ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት እና በስፋት 20 ኪሎ ሜትር በሚሻገር ኮከብ ውስጥ ስበትን የሚቋቋመው ግፊት ዘመዳሞች ናቸው። ልጣጩ ከወፈረ ኮከቡም ሰፋ ይላል። በመጠን ከሚሊዮን ትሪሊዮን ጊዜ በላይ የሚራራቁ ሁለት ነገሮች በአንድ ቁጥር ታስረዋል። ችግሩ የልጣጩን ውፍረት መለካት ነው። የምንናገረው ስለ አንድ ፌምቶሜትር ክፍልፋይ ነው፤ አንድ ፌምቶሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው።

በ2000ዎቹ አቋራጭ መንገድ የተገኘ መስሎ ነበር። ልጣጩ ሲወፍር ፒግሚው ይጎላል፤ እንግዲያው የፒግሚውን መጠን ለክተን ልጣጩን እናስላ። ጂኤስአይ ውስጥ ቆርቆሮ 132ን ለኩ። (ቆርቆሮ ንጥረ ነገሩ ነው፤ የጣራችን ቆርቆሮ ብረት ነው፣ ዚንክ የተቀባ። ዛሬ ስማችን ሁሉ ከዳን።) ቆርቆሮ 132 ግማሽ ዕድሜው 40 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ናሙና አድርጎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ እሱን ራሱን አፍጥነው በእርሳስ አጠገብ አሳለፉት። በ2005 ባወጡት ውጤት 10 ሜኤቮ አካባቢ ድምፁ ተሰማ፤ በ2007 ከዚያ ተነስተው ልጣጩ 0.24 ፌምቶሜትር ነው አሉ።

በ2010 ራይንሃርድና ናዛረቪች የተባሉ ተመራማሪዎች መጥተው ይህን አቋራጭ ዘጉት። በስሌታቸው የፒግሚው መጠን ከልጣጩ ውፍረት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው። ሌሎች ተከራከሯቸው። እኔ ወደ ራይንሃርድና ናዛረቪች አዘነብላለሁ፤ ምክንያቱም መጠኑን ለመቁጠር መጀመሪያ የቱ ድረስ ፒግሚ እንደሆነ መስማማት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ የለም። እነሱ ያቀረቡት መተኪያ ጉብታን ከተራራ መለየት አይጠይቅም። ኒውክለሱ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ምን ያህል ይለጠጣል? ይህን ለማወቅ ከታች እስከ ላይ ያለውን ምላሽ ሁሉ ትደምራላችሁ፣ እያንዳንዱን በኢነርጂው ስኩዌር አካፍላችሁ። በ7 ሜኤቮ ያለ ምላሽ በ14 ካለው አራት እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። ድንኩ በስሙ ሳይሆን በሚዛኑ ገባ።

ይህን በተግባር ያደረገው የጃፓኑ የኦሳካ ቡድን ነው። በታሚ የሚመራው ቡድን በ295 ሜኤቮ የሚበር ፕሮቶን በእርሳስ 208 አጠገብ አሳልፎ፣ ሳይታጠፍ ማለት ይቻላል በቀጥታ የወጣውን ለካ። ልፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ ያልተነካው የፕሮቶን ጎርፍም በዚያው አቅጣጫ ይመጣል። በ2011 ውጤቱ ወጣ፤ ልጣጩ 0.156 ፌምቶሜትር፣ ስህተቱ 0.025 አካባቢ። ደስ የሚል ቁጥር ነበር።

ከዚያ በ2021 ቨርጂኒያ ያለው የጄፈርሰን ቤተ ሙከራ ሌላ በር አንኳኳ። ኤሌክትሮን ከኒውትሮን ጋር በደካማው መስተጋብር (ከአራቱ የተፈጥሮ መሠረታዊ ኃይሎች አንዱ ነው) ብቻ የሚያደርገውን ንክኪ ለካ። የኒውክለሱን ሞዴል ብዙ አይለምንም፤ ጥራቱ እሱ ነው። እርሳስ 208፦ 0.283፣ ስህተቱ 0.071። ከኦሳካው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ወዲያው በ2022 ያው ቤተ ሙከራ ካልሲየም 48ን በዚያው ዘዴ ለክቶ 0.121 አለ፤ ቀጭን። ለእርሳሱ ወፍራም ልጣጭ የሚሰጡ ሞዴሎች ለካልሲየሙም ወፍራም ይሰጣሉ፤ ሁለቱን አብረው ማስማማት ቸግሯቸዋል። ብዙ ሰው "ቀውስ" አለ። እኔ እዚያ አልደርስም። ሁለቱ የእርሳስ ቁጥሮች የሚራራቁት የስህተት ወሰናቸውን ሁለት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ነው። በዚህ ልዩነት ቤት አይፈርስም። የካልሲየሙ ግን እውነት ይከነክናል።

ከፊት ያለው ሥራ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በተለያየ እጅ ማንኳኳቱን መቀጠል ነው፣ እናቴ ምጣዱን እንደምታገላብጠው። እዚህ ላይ አህጉራችን ወንበር አላት፤ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አቅራቢያ ያለው አይቴምባ ላብስ ኬ600 በሚባለው መሣሪያው አልፋ እየወረወረ የሚወጣውን ጋማ በጎን ይለቅማል። የግሮኒንገኑ ዘዴ ተከታይ ነው፤ አሁን ክብ ያልሆኑ ኒውክለሶች ላይም ተሞክሯል። ሚሺጋን ውስጥ በ2022 የተከፈተው ኤፍሪብ ደግሞ ትርፍ ኒውትሮን የበዛባቸውን፣ በሰከንዶች የሚጠፉትን ያመርታል።

ሌላው ጀርመን ማይንትስ ላይ ነው። ሜሳ የሚባል አዲስ የኤሌክትሮን ማፍጠኛ እየተገነባ ነው፤ ከዕቅዶቹ አንዱ የእርሳስ 208ን ልጣጭ በጄፈርሰኑ ዘዴ፣ ስህተቱን በግማሽ ያህል አጥብቦ፣ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ወደ 0.16 ከወረደ የኦሳካ ሰዎች ይስቃሉ። 0.28 ላይ ከጸና ግን የኦሳካን ልኬት ወደ ልጣጭ የሚተረጉሙትን ሞዴሎች ከፍቶ ማየት ግድ ይሆናል፤ ልኬቱ ራሱ ብዙም አይጠረጠርም። መጀመሪያ የሚፈተሸውም ከ10 ሜኤቮ በታች ያለው፣ የበለጠ የሚመዝነው ክፍል ነው።